ከአቶ ወርሳሜ ቤት የሮጥኩ ቀን

«አባቴ ‹ልጄን ትፈልጋታለህ?› ብሎ ሲጠይቅህ ተነስተህ ሮጥክ። ይሄ እሺ ነው እምቢ?»

«ፋርቱን፣ ስሚኝ...»

«አልሰማህም። ሌላ አለችህ። ደቻቱ ወንዝ ማዶ አለችህ።»

ሌላስ አልነበረችኝም። የነበረኝ ፊኛ ነው። ግን ይሄ ለሚወዷት ልጅ እንዴት ይነገራል? ለገሃር ባቡር ጣቢያ ፊት ሎሚዋን ዘርግታ ተቀምጣለች፤ እኔ ከፊቷ ቆሜ ጫማዬን አያለሁ።

ጥፋቱ የራሴ ነው። እሷ እንድታየኝ ብዬ ከባቡር ፉርጎ ወደ ፉርጎ ስዘል ወድቄ ነው ጀርባዬን የተመታሁት። ያን ቀን ቀልድ መስሏት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔም እንደምንም ተነስቼ እጅ ነሳኋት።

ከዛ ወዲህ ሽንቴ መጣሁ ሳይል ይመጣል። የክሊኒኩ ድሬሰር ጋሽ ተሰማ ነው ያስረዳኝ። ፊኛ ሲሞላ በጀርባ አጥንት ውስጥ ባለው ነርቭ ወደ ጭንቅላት ይደውላል አለኝ፤ የባቡር ሰዎች ጣቢያ ለጣቢያ እንደሚደዋወሉት። ጭንቅላት «ቆይ» ይላል፣ በሩ ተዘግቶ ይጠብቃል። ቦታ ሲገኝ «ልቀቅ» ይላል፣ ፊኛው ይጨመቃል፣ በሩ ይከፈታል። የኔ ሽቦ ተጎድቷል፤ «ቆይ» የሚለው ቃል ታች ሳይደርስ በሩ ብርግድ። ህፃንም «ቆይ» ማለትን አድጎ ነው የሚማረው፣ አንተም ቀስ እያልክ ትማራለህ፣ ብቻ ሳይመጣብህ ቀድመህ ሂድ አለኝ።

እሄድ ነበር። ግን ላገባት ሽማግሌ ብልክ አባቷ አቶ ወርሳሜ «ልጁን ራሱን አምጡት» አለና ከሽማግሌዎቹ ጋር ሄድኩ። አጎቴ ዑመር አስጠንቅቆኛል፤ አማት ቤት የተቀዳ ሻይ አይመለስም፣ ሽማግሌ ሳይነሳ አይነሱም። ብርጭቆዬ በጎደለ ቁጥር እናቷ ትሞላለች፣ እኔ እጠጣለሁ። አባቷ ዞር ብሎ ጠየቀኝ። «አዎ» ልል አፌን ስከፍት የታችኛው ቀደመኝ።

ደቻቱ አሸዋ ላይ ስደርስ ሱሪዬ ረጥቧል። እስኪደርቅ እዛው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ይሄን ሁሉ ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ጠበቅኩ። አልሳቀችም።

«ያን ቀን የዘለልከው ለኔ ነበር?»

«ለማን እዘላለሁ ታዲያ?»

 ሎሚዋን በሻሽ ሸፈነችና እጅጌዬን ይዛ ጎተተችኝ።

«ዋርያ፣ አንተ ልጅ፣ ና። ለኔ የነገርከውን ለአባቴ ንገር።»

ከዛ ብሞት ይሻለኝ ነበር። ሄድኩ ግን። አቶ ወርሳሜ ምንጣፉ ላይ የሙስበሃውን ዶቃዎች ይቆጥራል። ፊቱን ሳላይ ሁሉንም ዘረገፍኩት፣ ሱሪዬን ሳይቀር። በመጨረሻም እንደ አጎቴ ጠርቼ «አደር፣ ልጅህን እፈልጋታለሁ» አልኩ።  በሩ ጋ ፋርቱን ቆማ ትሰማለች።

ሽማግሌው ሙስበሃውን ኪሱ ከተተ።

«እኔ እኮ ያኔም ልሰጥህ ነበር። ለዱዓ እጃችንን ዘርግተን ስንጠብቅህ ዋልን» አለኝ። «ሰው ሸንቶ አይመለስም?»