ፍተሻው ተዘሏል፤ ውስጥ 1 ሰው አለ

እኔ ስለ ስውራን፣ በዓይን ስለማይታዩት ቅዱሳን፣ ሲወራ ስልኬን አውጥቼ የምጎረጉር ሰው ነበርኩ፣ እናቴ እንኳ «አንተ ከኮምፒውተር ነው የተወለድከው» ትለኝ ነበር፣ ስለዚህ ይህን የምነግራችሁ አምኜበት ሳይሆን ደርሶብኝ ነው። ያውም በጠራራ ፀሐይ።

ከብልባላ ወዲያ ያለች አንዲት የዋሻ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያዋ ላይ የቆየ ስንጥቅ አለባት፣ እኔም ስንጥቁ አንድ ጣት ያህል ቢሰፋ የሚጮህ ሳይረን ገጠምኩላት። ሶፍትዌሩ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳይረኑን አስጩኾ ራሱን ይፈትሻል፣ ግን ሰው ደንግጦ እርስ በርሱ እንዳይረጋገጥ አንድ ቅድመ ሁኔታ ሰጠሁት፦ ውስጥ ያለው ሰው ዜሮ ካልሆነ ፍተሻውን ዝለለው። ሰውን የሚቆጥረው ውስጥ በሰቀልኩት የሰውነት ሙቀት በሚለይ መሣሪያ ነው። በቃ፣ ሌላ ተአምር የለውም።

ሦስት ቀን በተከታታይ «ተዘሏል፤ ውስጥ 1 ሰው አለ» አለኝ፣ የሚጸልይ ሰው ይኖራል ብዬ ተውኩት። በአራተኛው ቀን፣ በንግሱ ዋዜማ፣ ቄሰ ገበዙ ሁሉንም አስወጡልኝ። ያው 1። አጥፍቼ አበራሁት፣ ያው 1። በማግስቱ አገሩ ሁሉ፣ እናቴም ጭምር፣ እዚያ ጣሪያ ሥር ሊቆም ነው፣ ያልተፈተሸ ሳይረን ይዤ እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል? ባትሪ ይዤ ገባሁ፣ በስልኬ 2 አለኝ። ጥጋጥጉን አየሁ፣ ከምንጣፍና ከከበሮ በቀር ምንም የለም፣ ግን እኔ ስቆም አንድ እርምጃ ዘግይቶ የሚቆም ኮቴ ሰማሁ፣ የገደል ማሚቶ ነው ብዬ ራሴን ሸነገልኩ።

«አባቴ፣ ማሽኑ አንድ ሰው አለ ይላል» አልኳቸው ስወጣ፣ እየሳቅሁ።

እሳቸው አልሳቁም። «አለ ካለህማ አለ። ተወው ልጄ፣ ስፍራው ያለ ጠባቂ አይደለም።»

ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ቅድመ ሁኔታውን ቀየርኩት። አንድ ሰው እያለም እንዲፈትሽ፣ ዜሮ የሚለውን አጥፍቼ አንድ አልኩት። አንዲት ቁጥር ናት፣ እመኑኝ፣ ቀይሬም ፍተሻውን እዚያው በስልኬ አስጀመርኩት።

ሳይረኑ ጮኸ። ዝም ሲል ከውስጥ ኮቴ መጣ፣ የሚሮጥ ሰው ኮቴ አይደለም፣ መቋሚያ ተደግፎ ቀስ እያለ የሚራመድ ሽማግሌ ኮቴ፣ እኔ ወደቆምኩበት ጠባብ በር። ቄሰ ገበዙ ግድግዳው ላይ ተለጥፈው መንገድ ለቀቁና ለጥ ብለው እጅ ነሱ። ለማን? ማንም የለም! የጋቢ ጫፍ የመሰለ ነገር እጄን ዳሰሰኝ፣ እዚያው ቁጭ አልኩ። ስልኬን ሳየው 1 የነበረው 0 ሆኗል፣ ከሥሩም «ፍተሻው አልፏል» ይላል፣ ተሳክቷል ማለቱ ነው።

«አስወጣኸው» አሉኝ ቄሰ ገበዙ። «አርባ ዓመት ቁልፍ ስይዝ ሲወጣ ሰምቼው አላውቅም።»

ንግሱ በሰላም አለፈ፣ እናቴም ዳቦዋን ይዛ ተመለሰች። ቅድመ ሁኔታውን የዚያኑ ዕለት ወደ ዜሮ መልሼዋለሁ፣ ከዚያ ወዲህ ፍተሻው አንድም ቀን ተዘሎ አያውቅም። ከቅድመ አያቶቻችን ጀምሮ ንቅንቅ ያላለው ስንጥቅ ግን በየሳምንቱ ፀጉር ታህል ይሰፋል። ለቤተ ክርስቲያኗ ኮሚቴ ተናገርኩ፣ «እስኪ ሳይረኑ ይጩህና እናያለን» አሉኝ። እናቴንም አትሂጂ ብላት «ምን ሰምተህ ነው?» ትለኛለች፣ ምን ልበላት? በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኬን እከፍታለሁ፣ «ተዘሏል» በለኝ እያልኩ እየተማጸንኩ።

ዛሬም አልፏል አለኝ።