አይቶ መስማት

በማተሚያ ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ማንም ማንንም አይሰማም። ማሽኖቹ ከጠዋት ጀምረው ሲንገጫገጩ ስለሚውሉ ሠራተኛው የሚግባባው በእጁና በቅንድቡ ነው። እዚያ ቤት ሳትቸገር የምትውለው አራሚዋ ብቻ ነበረች።

በልጅነቷ የያዛት ማጅራት ገትር ነፍሷን ምሮ ጆሮዋን ይዞባት ሄዷል። ጨርሶ አይደለም፤ በር ሲላተም፣ ነጎድጓድ ሲያጓራ ትሰማለች። የሰው ንግግር ግን ከግድግዳ ወዲያ እንዳለ ጉምጉምታ ሆኖ ነው የሚደርሳት። ስለዚህ ከንፈር ማንበብ ለመደች። እንጀራዋ ከመጻሕፍት ስህተት መልቀም ነውና የሰውንም አፍ እንደ ኅትመት ትመድበው ነበር፦ አንዳንዱ ጥርት ያለ፣ አንዳንዱ ቀለም የፈሰሰበት፣ ጢማሙ ደግሞ ከነጭራሹ የማይነበብ።

ወሬውን ያመጣችው «ሬዲዮ» የሚሏት አክስቷ ናት። ሬዲዮ የተባለችው ድምጿ ስለሚያስተጋባ ብቻ አይደለም፤ የሚያጠፋት ስለጠፋም ነው።

«ዩኒቨርሲቲ፣ የምህንድስናው ትምህርት ቤት፣ አዲስ የጆሮ መሣሪያ ሠርተው የሚሞክርላቸው ሰው ይፈልጋሉ አሉ» አለች። «አንቺ ልጅ፣ ሄደሽ ብታዪው ምን ይጎዳሻል?»

«ልጄን እንደ አይጥ ሊሞክሩባት ነው?» አለች እናቷ።

አራሚዋ የሁለቱንም አፍ ካየች በኋላ ሄደች።

የሙከራው ክፍል ግድግዳው ስፖንጅ የለበሰ፣ መስኮት የሌለው ጠባብ ክፍል ነበር። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ ጥግ ላይ ደግሞ ባለ መስታወት መደርደሪያ። የተቀበላት መሐንዲስ ሸሚዙን አንድ ቁልፍ አዛንፎ የቆለፈ ረጅም ወጣት ነው። እሷ መጀመሪያ ያየችው ግን አፉን ነው። እንደ ርዕስ ፊደል ቁልጭ ያለ አፍ ነበረው።

«የኛው ከሌላው የሚለየው» አላት፣ ጥፍር የምታህል ነገር መዳፉ ላይ አስቀምጦ፣ «ድምፅን ሁሉ አያጎላም። የሰውን ንግግር ከጫጫታ ይለይና እሱን ብቻ ነው የሚያጎላው። ማለቴ... እንዲያ እንዲያደርግ ነው የምንፈልገው።»

«ካላደረገስ?»

«እንደገና እንሠራዋለን» ብሎ ሳቀ። «የምህንድስና ግማሹ እሱ ነው።»

ደንቡ ቀላል ነበር። እሱ ፊቱን አዙሮ ቃል ያነባል፤ እሷ የሰማችውን ትደግማለች። በመጀመሪያው ዙር ለውጥ ያላሳየ ሰው ተመስግኖ ይሰናበታል።

መሣሪያው ጆሮዋ ውስጥ ሲገባ የሰማችው፣ የጋለ ዘይት ላይ ሽንኩርት ሲጣል ያለውን ዓይነት ጩኸት ነው። ቃል የሚመስል ነገር አልነበረበትም። «አልሰማሁም» ልትል ስትል ዓይኗ መደርደሪያው ላይ ወደቀ። ፊቱን ያዞረባት ሰው መስታወቱ ውስጥ ፊት ለፊቷ ተቀምጧል።

«ወንበር» አለች።

ከንፈሩ ደግሞ ተንቀሳቀሰ።

«ዝናብ።»

ዘወር ብሎ አያት። በእሷ ምክንያት የሰው ፊት እንዲህ ሲበራ አይታ አታውቅም፤ የሚያያት ሁሉ እያዘነ ነበር የሚያያት። እውነቱን ብትናገር ይኼ ፊት ይከስማል፤ እሷም ተመስግና ትሰናበታለች። ዓይኗን ወደ መስታወቱ መለሰች።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ሄደች። ሙከራው ሲያልቅ የትምህርት ቤቱ ካፌ ገብተው ሻይ ይጠጣሉ።

«አንቺ ሰውን ትኩር ብለሽ ነው የምታዪው» አላት አንድ ቀን። «መጀመሪያ የተቆጣሽኝ መስሎኝ ነበር።»

«ዓይኔን ከነቀልኩ ወሬው ይቋረጥብኛል።»

«እንግዲያው አትንቀዪ።»

ሻዩ በረደ። የጠረጴዛው ጠራጊ መጥታ ሄደች፤ አንዳቸውም አላዩዋትም።

እናቷ ግን ነገሩን ቀድማ አሽትታዋለች። «የሚያየው ጆሮሽን እንጂ አንቺን አይደለም» አለቻት። «ጥናቱ ሲያልቅ አንቺም ታልቂያለሽ።» አራሚዋም የምትፈራው ይህንኑ ነበር። እውነቱን ልትነግረው ከአንድም ሁለት ጊዜ ተነሥታ፣ ሁለቱንም ጊዜ እሱ ለባልደረቦቹ «ተስፋችን እሷ ናት» ሲል ከንፈሩን አይታ ተመለሰች።

መሣሪያው በብዛት እንዲሠራ የሚፈቅደው ኮሚቴ ከመሰብሰቡ በፊት፣ የጥናቱ ኃላፊ ፕሮፌሰር «ይቺን ጎበዝ እስቲ ልያት» ብለው መጡ። ትንሽ የሚናገሩ ትልቅ ሴት ናቸው። ጥግ ይዘው ተቀመጡ።

«ሰበረ» አለ መሐንዲሱ ፊቱን አዙሮ።

«ሰመረ» አለች።

«ገባ።»

«ገማ።»

አንድ ባልደረባው ሳቁን ዋጠ። ፕሮፌሰሯ አልሳቁም። ጆሮ «በ»ን ከ«መ» በቀላሉ ይለያል፤ ለዓይን ግን ሁለቱም ከንፈር መግጠም ብቻ ናቸው፤ «ባል» እና «ማል» እንኳ አንድ ናቸው። ፕሮፌሰሯ የአራሚዋን ዓይን ተከትለው መደርደሪያውን አዩ። ከዚያ ተነሡና ካፖርታቸውን አውልቀው መስታወቱ ላይ ሰቀሉት።

«ቀጥል» አሉ።

ቀጠለ። እሷ ዝም። ደግሞ አነበበ። አሁንም ዝም።

መሐንዲሱ ዞረ። እሷን አየ፤ ካፖርቱን አየ፤ እንደገና እሷን አየ። መሣሪያውን ጠረጴዛው ላይ እንድትተው በእጁ አመለከታት።

በማግስቱ ማተሚያ ቤት መጣ። ማሽኖቹ ሁሉ ይሠሩ ነበር። እየጮኸ እንደሆነ ከአንገቱ ሥሮች አወቀች።

«አትጩህ፣ ይታየኛል» አለችው። እሱ ግን የሚሰማ አልሆነም።

«ቢስቁብኝ ግድ የለኝም» ይላል። «ሌሎቹስ ሰዎች? ይሠራል ብዬ የማይሠራ ነገር ጆሯቸው ውስጥ ልከትባቸው ነበር! ይህን አስበሽዋል?»

አላሰበችውም። ከሁሉ የከፋውም ይኸው ነበር።

«እንዳታሰናብተኝ ፈርቼ ነው» አለች። «መሣሪያው ኖረም ቀረም ግድ አልሰጠኝም። አንተን ወድጄ ነው።»

«ምን?» መዳፉን ጆሮው ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። «ምን አልሽ? አይሰማኝም!»

ከንፈሯ ላይ አፍጥጧል፤ ማንበብ ግን አያውቅም። ደግማ ልትለው ትችል ነበር። ድፍረቷ ግን ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚበቃ ነበርና «ምንም» ብላ ራሷን ነቀነቀች። ይህቺ ገባችው። ሄደ።

ኮሚቴው ፊት ቆሞ የሆነውን ሁሉ ሳይሸፋፍን ተናገረ። ፈቃዱ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ፤ አንዳንድ ባልደረቦቹም አኮረፉት። ይህን ሁሉ የነገረቻት ዩኒቨርሲቲ ረግጣ የማታውቀው ሬዲዮ ናት፤ ከየት እንደሰማች አይጠየቅም።

አራሚዋ ለጥቂት ሳምንታት የሌሎችን ስህተት ስታርም ሰነበተች። ከዚያ የራሷን ልታርም ተነሥታ ሄደች።

ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ነበር።

«ለምን መጣሽ?»

«ልቀመጥ።» ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዙራ ጀርባዋን ሰጥታው ተቀመጠች። «አሁን አንብብ። የሰማሁትን ሰማሁ፣ ያልሰማሁትን አልሰማሁም እላለሁ።»

ምን እንደመለሰላት አላወቀችም። ሂጂልኝ ብሎም ሊሆን ይችላል። ግድግዳው ላይ እንዳፈጠጠች ቆየች። በመጨረሻ እጁ በትከሻዋ በኩል መጣና መሣሪያውን መዳፏ ላይ አኖረላት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሥራው ሥራ ሆነ። «ዘይት ይንጫጫል» ትለዋለች። ሌላ ቀን፣ «ቃሉ መጣ፤ ግን ጥርሱ ወልቋል።» መሐንዲሱ ይህችን ነገር ይዞ ሰነበተ። ለካ መሣሪያው «ሰ»ንና «ሸ»ን ፉጨት ስለሚመስሉት ጫጫታ ናቸው ብሎ ያጠፋቸው ኖሯል። ሌሎቹ ተሳታፊዎችም ሲጠየቁ ለካ ለይሉኝታ ነበር «ደህና ነው» ሲሉ የከረሙት። ማረሙ ወራት ፈጀ።

«ወይ ፈትናት ወይ ውደዳት» አሉት ፕሮፌሰሯ አንድ ቀን፣ ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ። «ሁለቱ አንድ ላይ ሳይንስ አይሆኑም።»

«ያስታውቃል እንዴ?»

«ሕንጻው ሁሉ ያውቃል። እኔ እንኳ ዘግይቼ ነው የሰማሁት።»

ያን ዕለት ንባቡን ለባልደረባው አስረክቦ ደረጃው ላይ ጠበቃት። አሁን ፊት ለፊት ነበሩ።

«ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ሰው ነው የሚያነብልሽ።»

ፊቷ ጠቆረ። «አሰናበትከኝ?»

«ራሴን ነው ያሰናበትኩት። እዚያ ክፍል ውስጥ እያለሁ ልነግርሽ የማይገባኝ ነገር አለ።»

«አሁንስ ወጥተህ የለ?»

«ወጥቻለሁ» አለና ነገራት። ቃሉ በጆሮዋም በዓይኗም ገባ፤ ሁለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አልተጣሉም። እሷም ያን ዕለት በማሽኑ ጩኸት መሐል ያመለጠውን ደገመችለት።

መሣሪያው በሌሎች እጅ ተፈትኖ ፈቃዱን ካገኘ በኋላ መሐንዲሱ እቤታቸው ለምሳ ተጠራ። እናቷ ስትበላም ስታበላም ብዙ አልተናገረችም። ምሳው ሲያበቃ አራሚዋ መሣሪያውን እንዳደረገች ማድ ቤት ገብታ ሳህን ታጥብ ጀመር፤ እሱ አጠገቧ ቆሞ ያደርቃል። ከኋላቸው፣ በተከፈተው በር በኩል፣ እናቷና ሬዲዮ ተቀምጠዋል። በዚያ ቤት እሷ ጀርባዋን ከሰጠች እንደሌለች ተቆጥራ ይወራል፤ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ የለም።

«የጠላሁት መስሏታል» አለች እናቷ። «ፈርቼ እኮ ነው። ጥሏት የሄደ እንደሆነ ለቅሶዋን የምሰማው እኔ ነኝ። እሷማ የራሷን ለቅሶ እንኳ አትሰማም።»

«ተይ እንግዲህ» አለች ሬዲዮ።

«ዛሬ ስትስቅ ሰማሻት? ከትኩሳቱ በፊት እንዲያ ነበር የምትስቀው።»

የአራሚዋ እጅ ሳህኑ ላይ ቆመ። ዞር አላለችም። ስፖንጁን ጨብጣ፣ አንገቷን ደፍታ ቀረች። መሐንዲሱ ፊቷን አየና ያለ ድምፅ፣ በከንፈሩ ብቻ «ምነው?» አላት።

እሷም ያለ ድምፅ መለሰችለት።

በእነዚያ ወራት ከእሷ ለምዷልና አነበበው። እጁን ዘርግቶ ውኃውን ዘጋላት፤ የቀረውን እንድትሰማ።