የወይዘሮ ታንጉት ክንድ

ወይዘሮ ታንጉት ክንዳቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ሸሸጉ።

«ማንም ይቅዳው ማን፣ ደሜ የሚገባው እሷ ክፍል ነው» አሉ ለነርሷ። «የቀጥቃጭ ልጅ ደሜን ይዛ አታድርም።»

የቀጥቃጭ ልጅ እኔ ነኝ። ጊዜው የ2000 ዓ.ም. ክረምት ነበር፤ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራ ነበር። የቡሬው መምህር ወንዳወቅ ሊያገባኝ ቢፈልግም እናቱ ወይዘሮ ታንጉት እምቢ ብለዋል። አገሬው ብረት የሚቀጠቅጥ ሁሉ ሰው ይበላል ይላል። ማረሻቸውን የሚያሠሩት ግን አባቴ ዘንድ ነው።

አሁን ትኩሳት ጥሏቸዋል። ሁለት ዓይነት መርፌ ተወግተው አልተሻላቸውም።

«ከአዲሱ መድኃኒት በፊት ደም ያስፈልገኛል፤ ከሁለቱም ክንድ» አለ ሐኪሙ። «በሽታውን ያመጣው ተዋሲ ጠርሙሱ ውስጥ ካደገ የሚገድለውን መድኃኒት እናውቃለን። መድኃኒቱ ከቀደመ ላያድግ ይችላል። ግን ደም ግፊታቸው እየወረደ ነው፤ ወንዳወቅ መድኃኒቱን ገዝቶ እንደመጣ እጀምራለሁ።»

ሐኪሙ ወጣ። ወይዘሮ ታንጉት ነርሷንም አስወጧት፤ እኔና እሳቸው ብቻ ቀረን።

«ልጄን ልቀቂውና ክንዴን እሰጥሻለሁ።»

«እማማ፣ ይሄ እኮ ለእርስዎ ነው።»

«ከሞትሁም ልሙት። ቃል ስጪኝ።»

ከንፈራቸው ደርቋል፤ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። በመስኮቱ ወንዳወቅ መድኃኒቱን ይዞ በዝናቡ ውስጥ ሲሮጥ አየሁት።

«እሺ» አልሁ።

«በማርያም?»

«በማርያም።»

ክንዳቸውን አወጡ። ቆዳቸውን ደጋግሜ ጠረግሁ። ሁለተኛውን ጠርሙስ ስከድን ወንዳወቅ ውኃ እያንጠባጠበ ገባ።

«ደሙን አገኘሽ?»

«አገኘሁ።»

ፊቴን አየኝ። ዞርሁ።

በማግስቱ ጠርሙሶቹ ጥርት እንዳሉ ነበሩ። በሦስተኛው ቀን አንዱ ደፈረሰ፤ ማታውን ሌላው ተከተለ። ሁለቱም ውስጥ ያደገው አንድ ዓይነት ስለነበር ከቆዳ የመጣ እንዳልሆነ አወቅን። የተጀመረው መድኃኒት አይገድለውም ነበር፤ ተለወጠ። ትኩሳቱም በረደ።

ወንዳወቅ የላቦራቶሪው በር ላይ ቆመ።

«ምን አድርጌሽ ነው?»

«ሥራ አለብኝ።»

«አምለሰት፣ እየኝ እንጂ።»

አላየሁትም። ቆሞ ቆሞ ሄደ፤ የጫማው ድምፅ እስኪጠፋ አዳመጥሁ።

ወይዘሮ ታንጉት ከሆስፒታል በሚወጡበት ቀን በእግራቸው ወደ ክፍሌ መጡ።

«አሳዪኝ» አሉ።

ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ከፍ አደረግሁት። ብዙ አዩት።

«ሲበላኝ የነበረው ይኼ ነው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ከየት መጣ?»

«ከኩላሊት ሳይሆን አይቀርም።»

«ከአንቺ አይደለም።»

ጥያቄ አልመሰለኝም።

«ልጄ እህል ትቷል። ምን አልሽው?»

«ምንም።»

«ያስማልሁሽን አልነገርሽውም?»

«ነግሬውማ ቢሆን እርስዎን ይጣላ ነበር።»

ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሰበሰቡ።

«ቃልሽን መልሼልሻለሁ» አሉ። «ልጄ ሽማግሌ ይልካል። አባትሽ ግን ጥሎሽ ብሎ እንዳይጨክንብን። ለአንድ ማረሻ የሚያስከፍለኝን አውቃለሁ።»

አንገቴን ደፍቼ ሳቅሁ። ከዚያ አለቀስሁ መሰለኝ።

ተጋባን፤ ከእናቱም ጋር አብረን ኖርን። ከዓመታት በኋላ፣ ወንዳወቅ ባረፈ በዓመቱ፣ የእናቱ ዘመዶች እሳቸውን ወደ ገጠር ሊወስዷቸው መጡ። ጎረቤቶች እንደነገሩኝ፣ ወይዘሮ ታንጉት ከመቀመጫቸው አልተነሡም።

«ልጄ ከሥራ የምትመለሰው ማታ ነው» አሏቸው። «ማን በር ይከፍትላታል?»