ከወንበሩ ያልተነሣው ካፒቴን

ፀጉር ሠሪዋ ያን ቀን የፀጉር ማድረቂያ ካስኩንና የእጅ ፎኑን ባንድ ሶኬት ባትሰካ ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ ነበር። ግን ሰካች። ሰው መከራውን በገዛ እጁ ሲሰካ አጠገቡ ቆሞ «ተው!» የሚለው አይገኝም። አንደኛዋ ደንበኛ ፀጉሯ በቢጎዲን እንደተጠቀለለ ካስክ ውስጥ ተቀምጣ ትነጫነጫለች፤ ሌላዋ ግብዣ ደርሶባት ፎን ፎን ትላለች። ማብሪያውን ብትጫነው ጧ አለና ሕንጻው ከታች እስከ ላይ ድርግም አለ።

ወዲያው ደረጃው ላይ የሩጫ ኮቴ ተሰማ። አንድ ቀጭን ወጣት፣ በካልሲ፣ አንገቱ ላይ ትልቅ የጆሮ ማዳመጫ አጥልቆ፣ ገመዱ እንደ ጅራት ከኋላው እየተጎተተ፣ ፀጉር ቤቱ በር ላይ ተገተረ። ፊቱ ዐመድ መስሏል።

«ማነው ያጠፋው?»

«እኔ ነኝ፤ ምነው?» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

«ሁለት መቶ ሰው ፈጀሽ!»

ባለቢጎዲኗ ከካስኩ ሥር ዘላ ወጣች። ፀጉር ሠሪዋ ግን ማበጠሪያዋን ወገቧ ላይ አድርጋ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ሬሳው የታለ?»

«ልናርፍ ነበር እኮ! ጎማ አውጥቻለሁ፣ መንደርደሪያው ፊት ለፊቴ ይታየኛል…»

«ወንድሜ፣ ጤና የለህም እንዴ?»

ልጁ ሊመልስላት አፉን ከፈተና ድንገት ራሱን አየ፤ ካልሲውን፣ የሚጎተተውን ገመድ። ሳቁ አመለጠው። እሷም ሳቀች። እንግዲህ ሁለት ሰው ባንድ ሞኝነት አብሮ ከሳቀ አለቀለት፤ ሌላው ሁሉ ትርፍ ወሬ ነው።

ልጁ ሁለት ፎቅ ከላይ ከእናቱ ጋር ይኖራል። ሙያው ቴሌቪዥንና ስልክ መጠገን ነው፤ የተበላሸውን ባለቤቱ ተሸክሞ ያመጣለታል፣ የተሠራውን ባለቤቱ ተሸክሞ ይወስዳል። ከምሳ በኋላ ግን መፍቻውን አስቀምጦ አውሮፕላን ያበራል። አውሮፕላኑ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ነው፦ ከስብርባሪ ለቃቅሞ የገጣጠማቸው ስክሪኖች፣ አንድ መሪ፣ ከጠረጴዛው ሥር ፔዳል፣ ከጎን ደግሞ ወደፊት ሲገፉት ሞተሩን የሚያስጓራ እጀታ። የሕንጻው ሰው «ካፒቴኑ» ይለዋል፤ አንዳንዱ በፍቅር፣ የሚበዛው በሽሙጥ።

ብቻውን የሚጫወት እንዳይመስላችሁ። እንደሱ ያሉ ሰዎች ከየአገሩ በኢንተርኔት ተሰባስበው አየር መንገድ አቋቁመዋል። አንድም አውሮፕላን የለው፣ አንድም ትኬት አይሸጥ፤ አለቃ ግን አለው፣ የበረራ ሰሌዳ አለው፣ አርፍዶ የተነሣ ተግሣጽ ይደርሰዋል። ሕጉም ጥብቅ ነው፤ እውነተኛው አውሮፕላን ግማሽ ቀን ከፈጀ አንተም ግማሽ ቀን ትቀመጣለህ። ማፍጠን የለም፣ ማቆም የለም። ከወንበሩ ተነሥቶ የሄደ በረራው ይሰረዝበታል። እንዲህ ያለውን ሥራ ደመወዝ ከፍለው ቢያሠሩት ሰው በጮኸ ነበር።

ካፒቴኑ ባረፈ ቁጥር ማስታወሻ ይጽፋል። መጀመሪያ ለይቅርታ ብላ ወደ ላይ የወጣች ዕለት ለፀጉር ሠሪዋ ከፍቶ አነበበላት።

«ዛሬ ተራራው ላይ ነፋስ ነበር። ግራ ክንፋችን ተንቀጠቀጠ። መሐል ወንበር ላይ የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ ዐይናቸውን ጨፍነው ነበር፤ ስናርፍ አጨበጨቡልኝ።»

«የቷ ሴትዮ?» አለችው።

«አንዲት ሴትዮ።»

«ማሽኑ ውስጥ ሰው አለ እንዴ?»

«የለም። ግን ባዶውን እንዴት ይዤው እሄዳለሁ? ያሳዝናል።»

ይህን ሲል አልሳቀም። እሷም እዚያች ላይ ነው የተያዘችው። ልብ የሚያዘው በመልክ ነው የሚል ተይዞ አያውቅም።

ከዚያ ወዲያ ፀጉር ቤቱ ጭር ባለ ቁጥር ደረጃውን መውጣት ሆነ ሥራዋ። እናቱ በርጩማ ታቀርብላታለች፤ እሷ በስተቀኙ ትቀመጣለች። እሱ የከፍታና የፍጥነት ሰዓቶቹን ያያል፣ እሷ እጆቹን ታያለች። ጎማ ሲታጠፍ የሚሰማውን ድምፅ፣ ሞተሩ ከፍታ ላይ ሲደርስ ትንፋሹን ዝቅ እንደሚያደርግ፣ ሁሉን አስተማራት። አንድ ቀን ከደመና በላይ ሲወጡ ፀሐይዋ ስክሪኑን ሞላችው።

«እጅሽን ስጪኝ» አላት።

ሰጠችው። ወስዶ እጀታው ላይ አኖረውና የራሱን ከላይ አስቀመጠ። እስኪያርፉ አላነሣውም። የዚያን ቀን ማስታወሻው አጭር ነበር፦ «ፀጉር ሠሪዋ ከጎኔ ነበረች። ነፋስ አልነበረም። ቢኖርም አላየሁትም።» ጮክ ብሎ አነበበላትና ጆሮው ቀላ።

አንድ ከሰዓት እናቱ ደረጃው ላይ አስቆመቻት።

«ልጄን ትወጂዋለሽ?»

«እማማ…»

«አትሽኮርመሚብኝ፣ ዐይን አለኝ። ስሚኝ ልጄ፤ ከትንሽነቱ ጀምሮ ይጥለዋል። ራሱን ስቶ ይወድቅ ነበር። መድኃኒቱን በወጉ ከያዘ ወዲህ ተሽሎታል። ግን የበረራ ትምህርት ቤት ሊገባ ሲል ሐኪሙ የጤና ወረቀቱን አይቶ ከበሩ መለሰው። ከዚያ ወዲህ ይህን ደረጃ አይወርድም። ያን ቀን መብራቱ ሲጠፋ በካልሲ ሲሮጥ ሳየው፣ በደስታ ይሁን በድንጋጤ፣ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።»

ፀጉር ሠሪዋ እናቲቱን አቀፈቻትና ወደ ላይ ወጣች። ስለ ሰማችው አንዳች አልተነፈሰችም። በርጩማዋን ብቻ ጠጋ አደረገች።

አሁን ስለ አባቷ ልንገራችሁ። የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ ከፀጉር ቤቱ ጎን እዚያው ሕንጻ ውስጥ ከእሷ ጋር ይኖራል። ሲነዳ ይሳደባል፣ ሲያቆም ይሳደባል፣ ተኝቶም ሳይሳደብ አይቀርም። እናቷ ከሞተች በኋላ ለብቻው ያሳደጋት እሱ ነው፤ ትንሽ ሳለች ከሹፌሩ ወንበር ኋላ አስቀምጦ እየዞረ።

«ላይ ያለው ልጅ ምን ይሠራል?» አላት አንድ ቀን እራት ላይ።

«ቴሌቪዥን ይጠግናል፣ አባዬ።»

«እሱንማ የኛንም ጠግኗል። ከሰዓትስ?»

«ይበራል።»

«የት?»

«ቤቱ።»

«እኔ ሰው ጭኜ አውራ ጎዳና ላይ ስለፋ ሸበትኩ፤ እሱ በካልሲ ባሕር ይሻገራል?»

አባቷ ሳሕኑን ገፋ አደረገ።

«ባሕር ማዶ ያለችው አክስትሽ የጉዞ ወረቀትሽን ጨርሳለች። ፀጉር ቤቷ ውስጥ ቦታ ይዛልሻለች። እዚህ ሆነሽ ደረጃ ስትወጪ ስትወርጂ ዕድሜሽ እንዲያልቅ አልፈልግም። ልጁ ከፈለገሽ በገዛ እግሩ ወርዶ ይጠይቀኝ። አማላጅ አልፈልግም፤ እናቱንም አይላክብኝ። እሱ ራሱ እዚህ በር ላይ ቆሞ ‹ጋሼ፣ ልጅዎን ይስጡኝ› ካለኝ ወረቀቱን እቀደዋለሁ። ካልመጣ ግን ትሄጃለሽ።»

«አባዬ፣ እሱ እኮ…»

«ምን? እግር የለውም?»

ነገሩ ከባድ አልነበረም፤ ሁለት ፎቅ መውረድ ነው። ሰው ግን በሁለት ፎቅ መካከልም ይጠፋል።

ወጥታ ነገረችው። ባሕር ላይ ነበር፤ ስክሪኑ ሰማያዊ ብቻ ነው። ዐይኑን ሳይነቅል ሰማት።

«ብወድቅስ?» አለ በመጨረሻ።

«ከየት?»

«ፊቱ። አፌ አረፋ ደፍቆ ደጃፉ ላይ ብዘረርስ?»

ከአፉ ስትሰማው የመጀመሪያዋ ነበር።

«አባቴ ደግፎ ያነሣሃል። አፉን አትይ።»

«ሐኪሙም ጥሩ ሰው ነበር። እያዘነልኝ ነው የመለሰኝ።»

«እኔስ? እኔ መለስኩህ? ይህን ደረጃ ስወጣ ጫማዬ አለቀ። አንድ ቀን፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንተ ውረድልኝ!»

ያኔ ዞሮ አያት። በረራ ላይ ሳለ ዐይኑን ከሰዓቶቹ አንሥቶ አያውቅም ነበር።

«እወርዳለሁ።»

«መቼ?»

«ከመሄድሽ በፊት። የምትሄጂበት ጧት ሳይነጋጋ በሩ ላይ ታገኚኛለሽ።»

«ማልልኝ።»

«እናቴን!»

እሷም አመነች። ምን ታድርግ? የሚሰምጥ ሰው ገለባም ይጨብጣል።

ያ ጧት መጣ። ሻንጣዋ በር ላይ ቆሟል። ከላይ በር ሲከፈት ሰማች። እግር ሲወርድ ሰማች፤ የጎረቤት ሴት ቆሻሻ ልትደፋ ነበር። እንደገና ዝም አለ። አባቷ ሚኒባሱን አስነሥቶ ሲያጠፋ፣ አስነሥቶ ሲያጠፋ ቆየ።

«ጎማው አየር ሳይጎድለው አይቀርም» አለ።

ወርዶ አራቱንም ጎማ በእግሩ መታ። አየር አልጎደላቸውም። መስተዋቱን ወለወለ፤ የተወለወለውን ደግሞ ወለወለ። የሞተር ክዳን ከፍቶ ውስጡን ያይ መሰለ፤ ዐይኑ ግን ደረጃው ላይ ነበር። ያ ጨካኝ የሚሉት ሰው፣ ያ ተሳዳቢ፣ ለካ ላይ ላለው ልጅ ጊዜ ይሸምትለት ነበር። ፀጉር ሠሪዋ ይህን ስታይ እንባዋን መያዝ አቃታት።

ወጥታ በሩን በድብደባ ልታፈርሰው ትችል ነበር። እጁን ይዛ ልትጎትተው ትችል ነበር። እግሯ የመጀመሪያውን ደረጃ ረገጠ፤ ከዚያ መለሰችው። ተጎትቶ የመጣ ሰው ሲለቁት ይመለሳል።

«እንሂድ፣ አባዬ» አለች።

አባቷ ክዳኑን ዘጋ። መንገዱን ሁሉ አንድም ሹፌር ሳይሰድብ ነዳ። አውሮፕላን ማረፊያ ደጃፍ ላይ ግንባሯን ስሞ፣ ሊናገር ከንፈሩን አንቀሳቅሶ፣ ሳይናገር ተመለሰ።

በዕድሜዋ የመጀመሪያዋ በረራ ነበር፤ ግን አንዳች አልገረማትም። ጎማው ሲታጠፍ ድምፁን ዐወቀችው። ከፍታ ላይ ሲደርሱ ሞተሩ ትንፋሹን ዝቅ ሲያደርግ ዐወቀችው። ሁሉን ያስተማራት ሰው ብቻ አጠገቧ የለም። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ተነፋረቀች። ከጎኗ የተቀመጠችው ሴት ፍርሃት መስሏት «አይዞሽ እህቴ፣ አይወድቅም» አለቻት። «ቢወድቅስ!» አለች በሆዷ።

ሲያርፉ አክስቷ አቅፋ ተቀበለቻት። የአክስቷ ስልክ ኢንተርኔት አካፍሏት የሷ ስልክ እንደ ነቃ መልእክት ገባ። ከሱ ነው። አንዲት ቃል ናት፦ «ደረስን።»

ቆማ ደጋግማ አነበበችው። ከዚያ ደወለች።

«ደረስን ማለት ምን ማለት ነው?»

«አብሬሽ ነበርኩ!» ድምፁ በደስታ ይንቀጠቀጣል። «ትኬትሽ ላይ ያለውን በረራ ነው የበረርኩት። አንቺ ስትነሺ ተነሣሁ፣ አንቺ ስታርፊ አረፍኩ። ከወንበሬ ንቅንቅ አላልኩም። ውኃ እንኳ አልጠጣሁም። መጨረሻ ላይ የጎን ነፋስ ነበር፤ ቀስ አድርጌ ነው ያሳረፍኩሽ። አልተሰማሽም አይደል? ማስታወሻው ላይ ጽፌዋለሁ…»

እንዲህ ነው እንግዲህ። ልጁ አልዋሸም፣ አልቀለደም። ካለው ሁሉ የሚበልጠውን ሰጥቷታል። ሰዓቱን ሙሉ እጁ መሪ ላይ እንደደረቀ፣ ባሕሩን ሁሉ ተሻግሮ ሸኝቷታል። የጠየቀችው ግን ባሕር አልነበረም።

«ጧት የት ነበርክ?» አለችው ቀስ ብላ።

«ሸሚዜን ለብሼ ነበር» አለ ድምፁ ወርዶ። «እናቴ ተኩሳልኝ። የበሩን እጀታ ያዝኩት። የአባትሽን ሞተር እሰማለሁ፤ ይነሣል፣ ይጠፋል። እጄ አልታዘዝ አለኝ። ከዚያ ሞተሩ ሄደ።»

«አባቴ አየር ባልጎደለው ጎማ ዙሪያ ሲዞር ነው ያረፈደው። ላንተ ብሎ።»

«ለኔ ብሎ?» አለ።

«አንተ ደረስክ» አለችው። «እኔ ግን ብቻዬን ነው የመጣሁት።»

ሲያለቅስ ሰማችው። ልትዘጋበት ጣቷን አነሣች። አልቻለችም። ቤቷ ትዝ አላት፤ አባቷ የሷን ባዶ ወንበር እያየ ብቻውን ገበታ ላይ ተቀምጧል፤ ስልኩን አንሥቶ «ደረሽ?» ለማለት እንኳ ኩራቱ አይፈቅድለትም።

«ተነሣ» አለችው።

«ወዴት?»

«አባቴ መድረሴን አያውቅም። ሄደህ ንገረው።»

«ልደውልለት?»

«አይሆንም። በእግርህ።»

አክስቷ ሻንጣውን እየገፋች «ምን ሆነሻል፣ መኪናው እየጠበቀ ነው!» ትላለች። እሷ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጣብቃ ቆመች። ለረጅም ጊዜ የማሽኑ ማራገቢያ ብቻ ነበር የሚሰማት። ከዚያ ወንበር ሲንቋቋ ሰማች። በር ተከፈተ። እናቱ አንድ ነገር አለች፤ አልመለሰላትም። ከዚያ ደረጃ፣ ሌላ ደረጃ፣ መሐል ላይ ቆመ። እሷም ትንፋሿን ይዛ ቆመች። እንደገና ወረደ።

ተንኳኳ።

«ማነው?» የአባቷ ድምፅ ነው።

«እኔ ነኝ ጋሼ። ላይ ያለሁት። በሰላም ደርሳለች ልልዎ ነው።»

በሩ ሲከፈት ሰማች።

«አሁን ነው የምትመጣው?»

«አዎ ጋሼ።»

«ሄዳለች እኮ፤ ልጄ ሄዳለች!» የአባቷ ድምፅ ተሰበረ። እናቷ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ሲሰበር ሰምታው አታውቅም።

«ዐውቃለሁ ጋሼ። እኔ ነኝ ያስኬድኳት።»

ከዚያ የአባቷ ነጠላ ጫማ ወለሉ ላይ ሲጎተት፣ ወንበር ሲሳብ ተሰማ።

«ፊትህ ነጭ ሆኗል። በሩ ላይ ሳትወድቅብኝ ግባ።»

በሩ ተዘጋ፤ መስመሩም ተቋረጠ። ፀጉር ሠሪዋ እዚያው የሰው ግርግር መሐል ሻንጣዋ ላይ ተቀመጠች፤ አክስቷ ብትጎትታት፣ አላፊው ቢያያት ደንታም አልሰጣት፤ ፊቷን በመዳፏ ሸፍና ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።