ዋልተር ቦታ የሚተውላት ሴት

እኔ ዛር ወጣ፣ ቡዳ በላ ሲባል ከሚስቁት ወገን ነኝ፣ እመኑኝ፣ ጎረቤቴ የሞተ ባሏን ኮሪደር ላይ አየሁት ስትለኝ እንኳ «መነጽርሽን ቀይሪ» ነው ያልኳት። የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ሜሮን ናት፣ ከአፌ የወጣውን እንዳለ ጻፊው ብያታለሁ።

ዋልተርን ያገባሁት በእርጅናዬ ነው፣ እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ፍሮግታውን የሚባል ሰፈር፣ አንድ ሕንጻ ላይ ነበር የምንኖረው፣ ልጆቼ «እማዬ፣ በዚህ ዕድሜሽ!» ብለው ሲያፍሩ እኔ ምን ቸገረኝ። በወጣትነቱ በትልልቅ የጃዝ ባንዶች ሳክስፎን ሲነፋ የኖረ ሰው ነው፣ በአውቶቡስ ከከተማ ከተማ እየዞሩ፣ ሳክስፎኑን እንደ ሕፃን ታቅፎ እየተኛ፣ ባንዱ ሲበተን ነው ፍሪድሊ የሚባል ከተማ ፋብሪካ የገባው። የመጀመሪያ ሚስቱ ኤድና የባንዱ ዘፋኝ ነበረች፣ ከሞተች ቆይታለች፣ ፎቶዋ ግን ሳሎን ተሰቅሏል፣ ትከሻዋን ገልጣ፣ አንገቷ ብቻ ይሄን ያህላል። ምን ያስቅሻል? ጻፊው!

ታዲያ ከምሳ በኋላ ሁልጊዜ አንድ ዜማ ይነፋል፣ ትንሽ ነፍቶ ቀጥ፣ ደግሞ ትንሽ ነፍቶ ቀጥ። ትንፋሽ አጠረው ብዬ ደንግጬ «ዋልተር፣ ውሃ ላምጣልህ?» ስለው ሳቀብኝ።

«ኖ ቤቢ፣ እዚህ ጋ የምትዘፍነው ኤድና ናት፣ እኔ አጃቢ ነኝ፣ ቦታ መተው አለብኝ።»

አያችሁልኝ? ለሞተች ሴት ቦታ! እኔ በሕይወት ያለሁት ሶፋው ላይ ተጎልቼ!

አንድ ቀን በረዶው መስኮቱን ደፍኖት፣ በጊዜ ጨልሞ፣ ኪችን ሳህን እያጠብኩ እሱ ይነፋል። ቀጥ ሲል ውሃውን ዘጋሁ። ከሳሎን ሰው አየር ሲስብ ሰማሁ፣ ዘፈን ልትጀምር ያለች ሴት የምትስበው ዓይነት፣ ረጅም። ማሞቂያው ነው አልኩ። ደግሞ ነፋ፣ ቀጥ አለ፣ ደግሞ ሳበች። ብቅ ብል ዋልተር አፉን ገጥሞ ወደ ሶፋው ያያል፣ እኔ የምቀመጥበት ትራስ ጎድጉዷል፣ እያየሁት ቀስ ብሎ ሞላ፣ ልክ ሰው እንደተነሳለት።

መፍራት ነበረብኝ አይደል? እኔን ያንገበገበኝ ግን ቅናት ነው፣ ያውም በኔ ቦታ!

«ወይ እሷ፣ ወይ እኔ!» አልኩት።

«እሷ ማን?» አለኝ፣ ዓይኔን ግን አላየኝም። ሳክስፎኑን ሳጥኑ ውስጥ ቆልፎ ቁልፉን ሰጠኝ። ትራሱ ላይ ጠበል ረጨሁበት፣ ረጠበ እንጂ ምን ይሆናል። ከዚያ ወዲህ ነፍቶ አያውቅም፣ ደስ ሊለኝ በተገባ ነበር።

አሁን ግን ሲያወራኝ መሃል ላይ ቀጥ ይላል። «ነገ ክሊኒክ...» ብሎ ዝም፣ ጆሮውን ወደ ሶፋው ዘንበል አድርጎ ይጠብቃል፣ ፈገግ ይላል፣ ከዚያ ካቆመበት ይቀጥላል። ሜሮን «ሂ ኢዝ ጀስት ኦልድ፣ አያቴ» ትለኛለች፣ አርጅቶ ነው ማለቷ ነው። ይሁን። ግን እኔ ሳወራ ከአፌ እየነጠቀ ነው የሚያቋርጠኝ፣ አንድ ቀን እንኳ እንዲያ ጠብቆኝ አያውቅም።