ደወል የሌላት ሳይክል

የትህትና ሳይክል ማለዳ ማለዳ ብቻዋን ትወጣ ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ እግርሽ ከተሰበረ ሰባት ሳምንት ሆነው» አሉ እናቷ እትዬ ማናለብሽ። «ማን ነድቷት ነው ጎማዋ በእርጥብ ጭቃ የተለወሰው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ እማ? እሷን ጠይቂያታ!»

«ምነው አፍሽን በሰበረው! ከቅዳሜ በፊት ነድተሽ ካሳየሽኝ ትቀመጥ። አለዚያ ቅዳሜ ጠዋት ከጫግኒ ለሚመጣው ነጋዴ እሸጣታለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ግቢዬ ውስጥ አያድርም።»

ትህትና ደፋርነቷ በአፏ ብቻ ነበር። ማንም ሳያያት ሦስት ጊዜ ሞክራለች። ሦስቱንም ጊዜ እግሯ ፔዳሉን ሲነካ ፈርታ ወረደች። ሳይክሏ ብትሸጥ ደግሞ እንጅባራ ውስጥ የሚቀራት ነገር ትምህርት ቤትና ብርድ ብቻ ነው።

የወደቀች ቀን ጉም ነበር። ወደ ዘንገና ሐይቅ በሚወስደው መንገድ፣ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ፣ ከኋላዋ የሳይክል ደወል ሰማች። ቅጭል! ዞረች። ማንም የለም። ፊቷን ስትመልስ ቦዩ ውስጥ ነበረች። ቁርጭምጭሚቷ ተሰበረ፤ የራሷ ሳይክል ደወልም ተነቅሎ የት እንደገባ ጠፋ።

አሁን ያው ድምፅ ጎህ ሲቀድ በደጃቸው ያልፋል። ቅጠል ሲወድቅ የሚጮኸው ውሻቸው ቡቺ እንኳ ዝም ይላል።

እግሯን ያሰሩላት ጎረቤታቸው ጋሽ ነጋ ናቸው፤ ፈረስ አርቢም ወጌሻም። በቀርከሃ ስንጥር ጠፍረው ሲያስሩላት ልጃቸው ይኸነው ጉልበቷን ይዞላት ነበር። እሷ ስትጮህ እሱ ዓይኑን ጨፈነ።

«አንተን ነው እንዴ ያመመህ?» አለችው በለቅሶዋ መሀል።

አንገቱን ደፋ። ከዚያ ወዲህ በአጥራቸው ባለፈ ቁጥር መጀመሪያ የሚያየው እግሯን ነው። ፊቷን ለማየት ድፍረት ያጣል።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ደወሉ አለፈ። ትህትና ነጠላዋን ደርባ እያነከሰች ወጣች። ሳይክሏ ከቦታዋ የለችም።

መንገዱ ላይ አየቻት። ኮርቻዋ ባዶ ነው። ጉሙን እየሰነጠቀች፣ ቀስ እያለች፣ በሰው እርምጃ ትሄዳለች። ትህትና ትንፋሿን ውጣ ተከተለቻት። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ሳይክሏ ቆመች። መሪዋን ወደ ቦዩ አዞረችና በሹክሹክታ ተናገረች፤

«አይዞሽ። እዪው፤ ምንም የለም።»

ትህትና ጮኸች። ጉሙ ራሱ ደንግጦ ዘለለ፤ ጉም ሳይሆን ነጭ ጋቢ ነበር።

«ይኸነው! አንተ ነህ?»

«ኧረ ቀስ! ሳታዪኝ መጨረስ ነበረብኝ።»

«ምኑን ነው የምትጨርሰው? ሌባ!»

«ፈረስ ሰው ከጣለ አያቴ ማንንም ሳይጭኑበት ሃያ አንድ ማለዳ የጣለበት ቦታ ድረስ በእጃቸው ይመሩት ነበር። ዳግመኛ እንዳይደነብር። ዛሬ ሃያ አንደኛው ነው።»

«ሳይክል እኮ ናት! ገብስም ሰጠሃት?»

«እንደምትስቂብኝ አውቄ ነው ያልነገርኩሽ።»

«ደግሞስ እሷ መቼ ደነበረች?»

ይኸነው እግሯን አየ። ቀጥሎ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ፊቷን።

«እሷ አልደነበረችም» አለ። «አንቺን ግን እጅሽን ይዤ ላመጣሽ አልደፈርኩም።»

 ትህትና መሪውን ከእጁ ተቀበለች፤ ጣቶቻቸው ተነካኩ፤ ሁለቱም ቶሎ አልሸሹም። ኮርቻው ላይ ወጣች። 

«ደወሉን ግን ለምን ታስጮኸዋለህ? ሲያስፈራኝ ነው የከረመው።»

«የምን ደወል?»

ትህትና መሪውን አየች። ደወሉ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው።

ከኋላቸው፣ ከሐይቁ በኩል፣ ቅጭል አለ።

ሁለቱም አልተነቃነቁም።

ቅጭል። ቀረብ ብሎ።

«ውጣ!» አለችው።

«የት?»

«ከኋላዬ ነዋ! ፈረስ ላይ እንደምትወጣው!»

ፔዳሉን ረገጠችው። ቁርጭምጭሚቷ እሳት ሆነባት፤ ግን ያዘ። የይኸነው ክንዶች ወገቧ ላይ ተጠመጠሙ፤ ጋቢው ሁለቱንም ሸፈናቸው። ደወሉ እስከ ሁለተኛው መታጠፊያ ከኋላቸው ይሰማቸው ነበር።

«ልዙር?» አለ ጆሮዋ ሥር።

«እንዳትዞር! እኔን የጣለኝ እሱ ነው።»

አልዞሩም።

እናቷና የጫግኒው ነጋዴ በር ላይ ቆመው ነበር። እትዬ ማናለብሽ ጎማውን አላዩም፤ የልጃቸው ወገብ ላይ ያለውን እጅ ነው ያዩት።

«ሳይክሏን ማን እንደሚያወጣት አወቅን» አሉ። «ነጋዴው፣ በከንቱ አደከምኩህ። አትሸጥም።»

ነጋዴው መሪውን እየዳበሰ ግራ ተጋባ።

«ደወል የላትም እንዴ? ስትመጡ እኮ ሲጮህ ሰምቼዋለሁ።»

ትህትናና ይኸነው ተያዩ። ቡቺ መንገዱን እያየ ጭራውን ቆላ። ከጋቢው ሥር ትህትና የይኸነውን እጅ ፈልጋ ያዘችው፤ እሱም አጥብቆ ያዛት።