«ኔ» ብሎ ነበር

«ማዛወሩን ላቁመው?» ራሊትሳ በመስታወቱ በር በኩል ጮኸች።

«ኔ! ኔ!» አለ ስትራቲስ፣ ከሚያጓሩት ኮምፒውተሮች መሃል።

አላቆመችውም።

የቡልጋሪያዋ ከተማ የፕሎቭዲቭ ሆስፒታሎች የራጅ ፎቶ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ዘጠኝ ኮምፒውተሮች ሸክሙን ይካፈላሉ። እያንዳንዱ ፎቶ ሦስቱ ላይ ይቀመጣል፤ አንዱ ቢሞት ሁለቱ እንዲያተርፉት። የዚያን ዕለት ጠዋት አሥረኛው ተጨመረ። ባዶ ነዋ! አዲስ ሙሽራ እንዳገኘ ቤተሰብ፣ ዘጠኙም ያላቸውን እሱ ላይ ዘረገፉ። ሁሉም በማዛወር ተጠምደው ፎቶ አልከፈት አለ። ሐኪሞች ስልኩን አንጫረሩት።

ሁሉም ጋሼ እንደማለት «ባይ ጌንቾ» የሚሉት አለቃ ከተፍ አለ።

«ማነው ያላቆመው?»

«አታቁሚ አለኝ!» አለች ራሊትሳ።

«እኔ? አቁሚ ነው ያልኳት!»

«ስትራቲስ፣ የሙከራ ጊዜህ ዛሬ ያልቃል። እስከ ምሳ ካስተካከልከው ትቀራለህ። አለዚያ ወደ ተሰሎንቄህ!»

ስትራቲስ ክው አለ። ሦስት ወር ሙሉ አንዲት ቃል ጉሮሮው ላይ ይዞ ፊት ለፊቷ ተቀምጧል። ለካ እሷ ልታስባርረው ኖሯል!

ጎን ለጎን ተቀመጡ። አልተያዩም።

«ባዶ ነው ብለን አንጫንበት» አለ ስትራቲስ። «በአቅሙ እንስጠው። ጥቂት ጥቂት።»

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ አይደል? ሸክሙ ቀስ እያለ ተበተነ። ፎቶዎቹ አንድ በአንድ ይከፈቱ ጀመር። ለምሳ ሩብ ሰዓት ሲቀረው የሐኪሞቹ ስልክ ዝም አለ።

አሁን የጮኸው የእሱ ስልክ ነው። እናቱ ናቸው።

«ኔ፣ ማማ... ኔ... ኔ!»

ስልኩን ሲዘጋ ራሊትሳ አላስችል አላት።

«እኚህ እናት ምን በድለውህ ነው ሁልጊዜ እምቢ የምትላቸው?»

«እምቢ? እሺ ነው እንጂ የምላት! በእኛ በግሪክኛ ‹ኔ› ማለት አዎ ነው።»

ራሊትሳ ወንበሯን ወደ እሱ አዞረች።

«በእኛ በቡልጋርኛ እኮ... አይሆንም ማለት ነው።»

ሰው ሲደነግጥ የሚጮኸው በእናቱ ቋንቋ ነው።

«ሦስት ወር ሙሉ ጨካኝ ልጅ ነው ስል...» አለች ፊቷን ሸፍና።

«እኔም ልታስባርሪኝ መስሎኝ...»

«አንተን? አንተ ብትሄድ እኮ እኔ...» አልጨረሰችውም።

ያቺ የሦስት ወር ቃል አመለጠችው።

«እወድሻለሁ፣ ራሊ። አንቺስ... ትወጅኛለሽ?»

«ኔ» አለች፤ እጁን ግን ጭምቅ አድርጋ ይዛ።

ባይ ጌንቾ ለካ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል።

«በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ ሪፖርቱ ላይ ይጻፍልኝ» አለ።